ሻለቃ እሾህ ወለደች

ሰኞ 2

ዝናቡ ዛሬ ገባ። ጣሪያው እንዳምናው ከአልጋዬ ራስጌ ያፈሳል፤ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጬ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁት። ከስቱዲዮ ደወሉ። አራተኛው ፊልም መጥቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ና ተባልኩ። እሰይ! ክረምቱን ያለ ሥራ ልገፋው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

ደብተሩ አዲስ ነውና ልተዋወቀው። የድምፅ ተዋናይ ነኝ። ከውጭ የሚመጣ የካርቱን ተረት በእኛ ቋንቋ ሲቀዳ ለሥዕሎቹ አፍ ከሚያውሱት አንዱ ነኝ። በተረቱ ውስጥ ከልዑሉ ጎን የማይጠፋ አንድ ጃርት አለ። ከገዛ ጀርባው እሾህ እየመዘዘ ሰይፍ ያደርጋል፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ይፎክራል፣ ሁልጊዜ ይርበዋል። ሻለቃ እሾህ ይባላል። ልዑሉ ፈሪ ነው፣ ንጉሡ እንቅልፋም ነው፤ ፊልሙን የተሸከመው ጃርቱ ነው። ጃርቱን የተሸከምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ዘራፍ! እሾኼ ከጀርባዬ፣ ጠላቴ ከፊቴ፣ ራቴ ከማን ቤት?» ይህችን የጨመርኳት እኔ ነኝ። በዋናው ላይ ጃርቱ «ሃ!» ብቻ ብሎ አፉን ከፍቶ ይቆያል። ክፍት አፍ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። አሁን በየመንገዱ ልጆች በእንጨት እየተፋለሙ ይሏታል፤ እኔ አጠገባቸው ሳልፍ ግን ማንነቴን የሚያውቅ የለም። በስቱዲዮም በስሜ የሚጠራኝ ጠፍቷል። ሻለቃ ነኝ። ደስ ይለኛል።

ረቡዕ 4

የልጄ ቀን። ረቡዕና እሑድ፣ ከራት በፊት፣ በእናቷ ስልክ ትደውላለች። እኔና እናቷ ከተለያየን ወዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስልኩ ሲጮህ ጉሮሮዬን እጠርግና «የሻለቃ እሾህ ጦር ሰፈር! ወዳጅ ነው ጠላት?» እላለሁ። ትንሽ ሳለች እየተንፈራፈረች ትስቅ ነበር። አሁን አድጋለች፤ ሳቋ የጨዋ ሆኗል።

«ሻለቃ፣ አባዬ አለ?» አለችኝ ዛሬ።

«አባትሽ ዘመቻ ወጥቷል! መልእክት ካለሽ ለእኔ!»

«እሺ፣ ይቅር» አለች።

ጥሩ ጨዋታ ነበር። መጨረሻ ላይ የሳቀች መሰለኝ። ወይም ስልኩ ነው የተንኮሻኮሸው።

ሐሙስ 5

ጉድ ፈላ።

ፊልሙን አራት ሆነን አየን፤ ዳይሬክተሯ፣ ተርጓሚው፣ ድምፅ ቀጂውና እኔ። እስከ መካከሉ ድረስ የሰላም ነው። ሻለቃ ይዘላል፣ ይመዛል፣ የሰው ድስት ይከፍታል። ከዚያ ማዕበል ይነሳል፣ ሻለቃ ብቻውን ከአንድ ዋሻ ይገባል፣ ጨለማ ይሆናል። ሲነጋ ሦስት ጥቃቅን ጃርቶች ተከትለውት ይወጣሉ።

«ልጆቹ የማን ናቸው?» አልኩ።

«የሻለቃ» አለ ተርጓሚው ጫማውን እያየ።

«እሺ፣ እናታቸውስ?»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «እናታቸውም ሻለቃ ናት።»

ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሳቅኩ። ለካስ ፊልሙ በተሠራበት ቋንቋ እሱና እሷ አንድ ቃል ነው፣ አንተና አንቺም አንድ ቃል ነው። በዋናው ቅጂ የጃርቱ ድምፅ ጎርናና ነው፤ እሱም ለካ የተዋናይት ኖሯል። በእኛ ቋንቋ ግን «ክፈት» ወይ «ክፈቺ» ሳትል በር እንኳ ማስከፈት አትችልም። ተርጓሚው ገና ከመጀመሪያው ፊልም መምረጥ ነበረበት፤ መረጠ።

«ሦስት ፊልም ሙሉ እንዴት አልጠረጠርክም?» አለችው ዳይሬክተሯ።

«ሰይፍ ይይዛል፣ ይፎክራል፣ ቤት ንብረት የለውም። ወንድ መሰለኛ!»

«ሰይፍ የያዘ ሁሉ ወንድ ነው ያለህ ማነው?»

የፊልሙ ባለቤቶች ጽፈዋል፤ ሻለቃ በዚህኛው ፊልም እናት ናት፣ ድምፅም ይታሰብበት ብለዋል። ይታሰብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ወደ ቤት ስመጣ በዝናብ በሰበስኩ። ጃንጥላዬ እጄ ላይ ነበር፣ መዘርጋቱን ረስቼዋለሁ።

ሌሊት። እንቅልፍ እንቢ አለ። ጃርቱን ቢወስዱብኝ ሥራ ሌላ ይገኛል፤ የሳሙና ማስታወቂያም አለ፣ የሬዲዮ ድራማም አለ። እሱ አይደለም የሚያሳስበኝ። ረቡዕና እሑድ ስልኩን ማን ሆኜ ነው የማነሳው? ልጄ ለጃርቱ ነው የምትደውለው። አንድ የማላውቀው ሰው፣ አንዲት ሴት፣ በሲኒማ ቤት ውስጥ «እሾኼ ከጀርባዬ» ስትል ልጄ ሰምታ ወደ እኔ ስትደውል ምን እላታለሁ? ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? ይህን ማንም ይላል።

እሑድ 8

አገኘሁት! አንተ ሰውዬ፣ ሞኝ አይደለህም!

ጽሑፉን ከጠዋት ጀምሬ ሳገላብጥ ዋልኩ። «መጣሁ»፣ «በላሁ»፣ «ርቦኛል»፣ «ልለፍ»፣ «አልፈራም»። የቱ ነው ወንድ? የቱ ናት ሴት? የለም! በእኛ ቋንቋ «እኔ» ያለ ሰው ወንድም ሴትም አይደለም። ሻለቃ ስለ ራሱ የሚናገራት አንዷም ቃል አትነካም። የሚለወጠው ሌሎቹ የሚሉት ነው። ልዑሉ «ና ሻለቃ» ማለቱን ትቶ «ነይ ሻለቃ» ይበል፤ ችግሩ የልዑሉ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ድምፅ እንደሆነ ጎርናና እናት በየቤቱ አለች።

ልጄ በዚህ መሀል ደወለች። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነበር፣ እርሳሱ አፌ ውስጥ።

«ሻለቃ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ?»

«ተኩሺ!»

«አንድ ሰው ሁለት ቤት ቢኖረው፣ የቱ ጋ መኖር ይሻለዋል?»

«ቤት? ሻለቃ ቤት የለውም! ለሻለቃ ቤቱ ሜዳው ነው! ቤት ያለው ይፈራል፣ ቤት የሌለው ይዘላል! ዘራፍ!»

«እሺ፣ ገባኝ» አለች።

ቶሎ ዘጋች። በዚያች ቅጽበት የመጣልኝ ነው፤ ለፊልሙም ቢሆን ጥሩ መስመር ይወጣዋል። ጻፍኩት።

ማክሰኞ 10

ዳይሬክተሯ ሐሳቤን አዳመጠች። ተርጓሚው ራሱን ነቀነቀ።

«ሰዋስው ልክ ነህ» አለች። «ሰዋስው ግን አይወልድም።»

«ሞክሩኝ።»

«ሻለቃ፣ አትድከም።»

«አንድ ትዕይንት ብቻ! ከዋሻው ሲወጣ… ስትወጣ ያለውን።»

ተንፈስ አለች። ዓርብ ትሞክረኛለች። ድምፅ ቀጂው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንዲህ የሚያደርገው ለቀስተኛ ሲያጽናና ነው።

ረቡዕ 11

የሴት ድምፅ ስለማመድ ዋልኩ። የታችኛው ቤት አከራዬ፣ አሮጊት ናቸው፣ ደረጃውን ይዘው ወጡ።

«እንግዳ አለ እንዴ ልጄ?»

«የለም እማማ፣ ብቻዬን ነኝ።»

አንገታቸውን አስግገው ከጀርባዬ አልጋውንም ባልዲውንም አዩ። «ትዘፍናለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትራባለች። የሰው ልጅ አስርበህ አታስቀምጥ» ብለው ወረዱ። ቆይተው አንድ ሳህን ምግብ ከነማንኪያው በሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ለማላውቃት ሴት የመጣ ራት እኔ በላሁት።

ልጄ አልደወለችም። በዝናቡ ኔትወርኩ ይበላሻል።

ዓርብ 13

ሞከሩኝ።

ከሌሊት ልብስ የማይለይ ሹራብ ለበስኩ፤ ጃኬት ማይክ ፊት ይንኮሻኮሻል። እንደ ልማዴ ግማሽ ፖም በላሁ፤ ምራቅ አፍ ውስጥ እንዳይንጫጫ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ሦስቱ ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ተለቀቀ።

ትዕይንቱ አጭር ናት። ትንንሾቹ ነጎድጓድ ፈርተው ይንቀጠቀጣሉ። ጃርቷ ሰይፏን መሬት ላይ ትጥላለች፣ ታጎነብሳለች፣ «አትፍሩ። እኔ ነኝ» ትላለች። በቃ።

አልኩት።

«ፉከራ አለበት» አለች ዳይሬክተሯ። «ደግመህ።»

ደገምኩ።

«አሁን አቀጠንከው። አትጫወታት። ሰይፉን ጥላለች እኮ። ባዶ እጇን ናት።»

ደገምኩ። አወፈርኩት፣ አለዘብኩት፣ በአፍንጫ አደረግኩት። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ግሱን ለመጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ «ነኝ» ሳልል ጃርቷ አፏን ገጥማ ታበቃለች። አፏን ልይዝ ስሮጥ ስሜቱ ያመልጠኛል።

«ስማኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ አለችህ አይደል? ልጅህን እንደምታናግራት አድርገህ በላት።»

ይህስ ቀላል ነው! ሆዴን ነፋሁ፣ በልጄ ድምፅ፣ ማለቴ ለልጄ በማወራበት ድምፅ፣ አልኩት።

ሦስቱ ተያዩ።

«ይኼ ሻለቃ ነው» አለች።

«ልጄን የማናግራት እንዲህ ነው» አልኩ።

ድምፅ ቀጂው ድምፃቸው ወደ እኔ የሚመጣበትን ቁልፍ ሊዘጋው ነበር መሰለኝ፤ አልዘጋውም። በጆሮ ማዳመጫው ሁሉም ይሰማኛል። ዳይሬክተሯ «የራሱ ድምፅ የለውም እንዴ ይህ ሰው?» አለች። ድምፅ ቀጂው «እኔ እንጃ። ይኸው ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ሰምቼው አላውቅም» አለ።

ማይኩ ላይ የታሰረው ጨርቅ ተቀዶ ነበር፤ ያንን እያየሁ እንዳልሰማ ሆንኩ። እንዳልሰማ መሆን እችልበታለሁ፣ ተዋናይ አይደለሁ?

ምን ማለታቸው ነው? ድምፅ የለውም ይላሉ በድምፁ እየበሉ! ክፍሉም ቀዝቃዛ ነበር። ፖሙም ጎምዛዛ ነበር።

እሑድ 15

ጠበቅኩ። ስልኩ ዝም። ራት ሰዓት አለፈ። ራሴ ደወልኩ።

«የሻለቃ እሾህ ጦር ሰፈር! ዛሬ ወታደሬ የት…»

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «እባክህ፣ ከአንተ ጋር ነው ማውራት የምፈልገው።»

ዝናቡ ሲቆም ከተማ ሊለቁ ነው። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሯታል። ይህን ካወቀች ከርማለች። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤቷን አልለቅም፣ ጓደኞቼን አልለቅም ብላ ስታለቅስ ሰንብታ፣ «እንግዲያው አባትሽን ጠይቂው፣ እሱ ጋ መሆን ከፈለግሽ አልከለክልሽም» ብላታለች።

«መቼ ጠየቀችኝ?» አልኩ።

«ባለፈው እሑድ። አጠገቧ ነበርኩ። ‹ቤት የለኝም› አልካት።»

«ጨዋታ ነበር እኮ!»

«ለማን?»

ከኋላ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ በፊት የነበረው ረቡዕ ደግሞ አባዬ አለ ብላ ስትጠይቀኝ ዘመቻ ሄዷል ብያታለሁ፤ እሱንም ነገረችኝ። «ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አስመዝግቢኝ ያለችው ራሷ ናት» አለች። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። ደክሟታል።

ሰኞ 16

ዘነበ። አልበላሁም።

ቤት የለውም! ዘራፍ! ምላስህ ይቆረጥ።

ደግሞ መስመሩን ለፊልሙ ጽፌዋለሁ። ቀደድኩት።

ረቡዕ 18

ፍርዱ መጣ። ሻለቃን የምትወስደው በመጀመሪያው ፊልም ጠንቋይዋን የሠራችው ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችን ጠንቋይዋ እንላታለን። ጎርናና፣ የተማረ ጉሮሮ ያላት። ዳይሬክተሯ እያቅማማች ለመነችኝ፤ «ልጆቹ ሳቁን ለምደውታል። ፉከራውንና ሳቁን አሳያት፤ አንተ ነህ የምታውቀው።» ለእኔም አንድ ሥራ ተርፎኛል። የቤተ መንግሥቱን በር የሚጠብቅ እንቁራሪት። ሁለት መስመር ነው ያለው። አንደኛው «ማነው?» ሁለተኛው «ግባ»።

እንቢ ልላት ነበር። እሺ አልኳት። የባሰ አታምጣ።

ልጄ አልደወለችም። የእናቷ ቁጥር ላይ ጣቴን አስቀምጬ አነሳሁት።

ዓርብ 20

ጠንቋይዋ ቶሎ ትማራለች። ይህ ያናድዳል።

«ሳቁ ከሆድ ነው» አልኳት። «እንደ ራበው ሰው።»

«እንደ ራባት» አለች።

«እንደ ራባት! ዘራፍ ስትይ ደግሞ አትጩሂ፤ ነክሰሽ ነው የምትለቂው።»

አለችው። አከራዬ ቢሰሙ ምግብ ይዘው ይሮጡ ነበር። ከእኔ አትሻልም፤ ግን ልዩነቱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ የእኔን ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

«ማንን እያሰብክ ነው የምትስቀው?» አለችኝ ውኃ እየጠጣን።

«ልጄን። ትወደው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የቤት ሥራ ይበዛባታል» አልኩ።

አየችኝ። ጥሩ ሴት ናት፣ ጥሩ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። «አንተ ለምን ትጮሃለህ? አጠገብህ ነኝ እኮ» አለችኝ። እየጮህኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

እሑድ 22

ደወልኩ። ቆርጬ ነው። እንደ ሰው አናግራታለሁ፣ «ልጄ፣ እኔ ጋ ነይ» እላታለሁ ብዬ ስዘጋጅ ዋልኩ። እናቷ ሰጠቻት።

«ሃሎ» አለች ልጄ።

«ል…» አልኩ። ዝምታው አስፈራኝ። ክፍት አፍ፣ ባዶ። «ዘራፍ!» ብዬ አረፍኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልል አልፈለግኩም! ሥራ እንደለመደ እጅ ራሱ ነው የወጣው።

«ሻለቃ፣ ዕቃ እያሰርኩ ነው» አለች። ስልኩን ለእናቷ መልሳ ሰጠች። እናቷም ዘጋችው።

እንግዲህ ምን ይባላል? ሌላ ሰው ቢያደርገው እንዴት አድርጌ አቀልለው ነበር! ለአንድ ጃርት እናትነቱን ስከራከርለት ከረምኩ፤ የራሴን አባትነት ግን የሚሟገትለት ጠፋ።

ማክሰኞ 24

ስልኬ ላይ ራሴን ቀዳሁ። «ደህና ነሽ ልጄ? አባትሽ ነኝ።» መልሼ ሰማሁት። ከሻለቃ የቀጠነ ነው። ደግሞ ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን ይሰበስባል፤ በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ የሚል ሰው ይመስላል። ይህን ድምፅ ልስጣት? አጠፋሁት። ቆይቼ እንደገና ቀዳሁ። እንደገና አጠፋሁ።

አከራዬ ከታች ጮኹ፤ «ዛሬ ደግሞ ወንድ አመጣህ?»

«እኔ ነኝ እማማ!»

«አንተስ አይደለህም፣ የአንተን አውቀዋለሁ!» አሉ።

ሐሙስ 26

የእንቁራሪቱ ቀን። «ማነው?» አልኩ፤ ባንዴ አለፈ። ሥዕሉ ላይ ሻለቃ ከነልጆቿ በሩ ላይ ቆማለች።

«ግባ» አልኩ።

«ግቢ» አለች ዳይሬክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ። «ሴት ናት።»

«ይቅርታ። ግባ… ወይኔ! ደግሜ።»

ሦስት ፊልም የኖርኩበትን ሰው እንዴት በአንድ ቀን ግቢ ልበለው? በመጨረሻ ወጣልኝ። ድምፅ ቀጂው «እንቁራሪቱ ሆድ የባሰው ይመስላል፣ ግን ያስኬዳል» አለ፤ እንዲሁ ተወሰደ።

ከእኔ ቀጥላ ጠንቋይዋ ገባች። ልሄድ ኮቴን ለብሼ ነበር፤ ተመልሼ ከድምፅ ቀጂው አጠገብ ቆምኩ። የዋሻዋን ትዕይንት ነው የምትቀዳው። ነጎድጓዱ መጣ። ጃርቷ ሰይፏን ጣለች። ጠንቋይዋ ምንም አላደረገችም። አላወፈረችም፣ አላቀጠነችም። እቤቷ ያለች ይመስል «አትፍሩ። እኔ ነኝ» አለች።

አለቀስኩ። ድምፅ ቀጂው አይቶኛል፤ ፊቱን ወደ ቁልፎቹ መለሰልኝ። ይህችን ነገር ለመናገር ተሰጥኦ አያስፈልግም፤ መኖር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ጋ ያልነበረው እሱ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ መጥታ በሬን አንኳኳች፣ ሁለት ጊዜ ጃርት ከፈተላት።

ቅዳሜ 28

ዛሬ አልዘነበም። እናቷ መልእክት ላከች፤ የሚሄዱት ሰኞ ጠዋት ነው። «ሰኞ ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ፣ መምጣት የለብህም» ይላል። ሥራ የለኝም። እንቁራሪቱ አልቋል።

አልጋውን ወደ ቦታው መለስኩት። ያ ሁሉ ውኃ የወረደበት ወለል አብጧል። መስኮቱን ከፍቼ ስቆም አንድ ልጅ በመንገዱ ማዶ እንጨት ይዞ ይፎክራል፤ ጠላት እንኳ የለውም፣ ብቻውን ነው። ሰላም ልለው እጄን አነሳሁ፤ ሮጠ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። እንዲያም ሆኖ ይጮሃል እንጂ ምን ያደርጋል? ነገ እደውላለሁ።

እሑድ 29

ስልኩን አሁን ነው የዘጋሁት። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ከራት በፊት ደወልኩ። ጉሮሮዬን አልጠረግኩም። እናቷ አነሳች፤ «ልጄን ስጪኝ» አልኳት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«ሃሎ» አለች።

ያ ዝምታ መጣ። ተውኩት። ይምጣ። ቆይቼ «ደህና ነሽ ልጄ?» አልኳት።

የዘጋችው መሰለኝ።

«ማነው?» አለች።

«አባትሽ ነኝ።»

«አባዬ? ድምፅህ እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዲህ ነው» አልኳት።

«አሞህ ነው?»

«አላመመኝም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

እንደገና ዝም አለች፤ እኔም አልሞላሁትም። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከኋላ ደግሞ የፕላስተር ድምፅ አለ፣ እናቷ ካርቶን ታሽጋለች።

«ሁለት ቤት ብለሽ የጠየቅሽኝን» አልኩ፣ ተሰናከልኩ፣ እንደገና ጀመርኩ፤ «ሳይገባኝ ነው የመለስኩልሽ። ቤት አለኝ። ጠባብ ናት፣ ዝናብ ያፈስባታል፣ ግን ቤት ናት። እኔ ጋ እንድትሆኚ እፈልግ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ።»

«ተመዝግቤያለሁ እኮ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ዕቃዬም ታስሯል። ለጓደኞቼም ተናግሬያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ያኔ አላልከኝም?»

መልስ ፈለግኩ። ለአንዲት አጭር ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተገኘ መልስ። «ፈርቼ ነው» አልኳት። «ራሴን ሆኜ ባናግርሽ ትሰለቺኛለሽ ብዬ።»

አለቀሰች። ቀስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ፤ እኔም ያዝ ላደርገው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስቃት እንጂ ሳስለቅሳት አላውቅም ነበር። ደግሞም አልዘጋችውም።

ነገ ጠዋት መጥቼ እንድሸኛት ጠየቅኳት፤ «ና» አለችኝ። ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ነገረችኝ፤ እዚያ ያለው ልብስ ቡናማ ነው፣ ትጠላዋለች። አስቀያሚ ቀለም ነው አልኳት፤ ሌላ የምለው አጣሁና። እሷ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ከዚያም ሌላ። ለካስ ትንሽ ዝም ካሉላት ታወራለች።

በመጨረሻ «ትምህርት ሲዘጋ አንተ ጋ እመጣለሁ» አለች። «እማዬ እሺ ብላኛለች። ግን አባዬ…»

«ምን?»

«ሻለቃ ካለ አልመጣም።»

«የለም» አልኳት። «እኔ ብቻ ነኝ።»